የአጥንትና የጡንቻ አናቶሚ ትምህርት በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ቤቶች

የአጥንት፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ አናቶሚ አንድ የሕክምና ተማሪ የሰውን አካል ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ ይዞ የሚማርበት ትምህርት ነው። የሚሰጠው ተማሪው ሆስፒታል ውስጥ መሥራት ከመጀመሩ በፊት፣ በተለይ «ፒሲ ዋን» (ፕሪክሊኒካል አንድ) በሚባልበት ዓመት ነው። በአማርኛ የተሰበሰበ ጽሑፍ እምብዛም ስለሌለው፣ ይህ ዳሰሳ ከትምህርት ቤቶቹ ታሪክና ከክፍል ደብተር ተለቅሟል።

ስፋቱን ከቁጥሩ መረዳት ይቻላል። የአዋቂ ሰው አጥንት 206 ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ወደ 300 የሚጠጋ ይዞ ይመጣል፤ ሲያድግ ብዙዎቹ እየተጋጠሙ አንድ ይሆናሉ። በአንድ እጅ፣ ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ፣ 27 አጥንት አለ። በአንድ እግር፣ ከቁርጭምጭሚት በታች፣ 26። ሁለቱን እጅና ሁለቱን እግር ስንደምር 106 ይሆናል፤ ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ጡንቻው ከ600 ይበልጣል፤ አቆጣጠሩ ግን ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል።

ዘመናዊ ሕክምናን በመማር ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፣ በ1868 እ.ኤ.አ.፣ በልጅነታቸው ወደ ሕንድ ተወስደው በላሆር ተማሩ፤ በኋላም ስኮትላንድ ሄደው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ከእሳቸው በኋላም ለረጅም ጊዜ ሐኪም መሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት።

አገር ውስጥ ነገሩን የለወጠችው ጎንደር ናት። በ1953 እ.ኤ.አ. በጎንደር አቅራቢያ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954 እ.ኤ.አ.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ረድተዋል። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠለጠነ። እነዚህ ልጆች አንድ ላይ በቡድን ወደ ገጠር ወርደው ይሠሩ ነበር። ጤና መኮንኑ ብዙ ጊዜ ሐኪም በሌለበት ወረዳ ብቻውን ስለሚቆም፣ ስብራትና ውልቃት የእሱ ሥራ ነበር። አናቶሚውን ደግሞ በደንብ መያዝ ነበረበት። የጎንደር ልጅ በዚህ ቢኮራ የሚገባው ነው።

የሕክምና ፋኩልቲው እዚያው ጎንደር በ1978 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። አጋሩ በምሥራቅ ጀርመን የሚገኘው የላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከላይፕሲግ የመጡ መምህራንና ሐኪሞች ለዓመታት ከኢትዮጵያውያን ጋር ጎን ለጎን አስተምረዋል። ይህ አንጋፋ ቤት ያፈራቸው ሐኪሞች ዛሬም በየክፍለ ሀገሩ አሉ።

የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ጅማ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተከተለች። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ የተማሪው ቁጥርም አሻቀበ።

የአሰጣጡ ነገር አሁንም ያከራክራል። በድሮው አካሄድ አናቶሚ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር፤ ክንድ፣ እግር፣ ጀርባ እየተባለ በአካል ክፍል ይሰጣል። በአዲሱ ሞጁል አጥንትና ጡንቻ ከፊዚዮሎጂው (ከአካል አሠራሩ)፣ ከበሽታውና ከመድኃኒቱ ጋር ተጣምሮ ይቀርባል። ሞጁሉ ትምህርቱን ከታካሚው ጋር ቶሎ ያገናኛል የሚሉ አሉ። አናቶሚውን ጥልቀት አሳጥቶታል የሚሉም አሉ። ሁለቱም ምክንያት ይኖራቸው ይሆናል። አስከሬን ላይ መማርን በሥዕልና በፕላስቲክ ሞዴል መተካት ግን ስህተት ነው። ነርቭ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ሞዴል አያሳይም።

አስከሬን የሚገኘው በአብዛኛው ጠያቂ ወገን ካልመጣላቸው ሟቾች ነው። በፎርማሊን ተጠብቆ ይቆያል። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፣ ከጋዋን ላይም ቶሎ አይለቅም። ለብዙ ተማሪ አንድ አስከሬን ሲደርስ ከኋላ የቆመው ምንም አያይም። ስለዚህ ማታ ከቸከላ (ከሽምደዳ ጥናት) በኋላ ተመልሶ የሚገባ አለ። ሲንየሮች ደብተራቸውን ለታናናሾቻቸው ያወርሳሉ፤ ይህ ውርስ ከብዙ ሌክቸር ይበልጣል።

ስለ እያንዳንዱ ጡንቻ አራት ነገር ይጠየቃል፦ መነሻው፣ ማረፊያው፣ ነርቩና ሥራው። ብዙዎችን የሚያስጨንቀው ብራኪያል ፕሌክሰስ፣ ወደ ክንድ የሚሄደው የነርቭ መረብ፣ ነው። ከአንገት አምስተኛ እስከ ስምንተኛ፣ ከደረት ደግሞ የመጀመሪያው፣ በጠቅላላው አምስት የነርቭ ሥሮች ይነሳሉ። ሦስት ግንድ ይሆናሉ፣ በስድስት ይከፈላሉ፣ እንደገና በሦስት ገመድ ይሰበሰባሉ፣ በመጨረሻም አምስት ዋና ነርቮች ሆነው ወደ ክንድ ይወርዳሉ። መፍትሔው አንድ ነው፤ ባዶ ወረቀት ላይ ደጋግሞ መሣል። በወሊድ ጊዜ ትከሻው ተይዞ አንገቱ የተሳበ ሕፃን ክንዱን ማንሳት ሲያቅተው፣ የላይኞቹ ሁለት ሥሮች መጎዳታቸውን የሚያውቀው ያንን ሥዕል የሣለ ሐኪም ነው።

ፈተናው «ስፖት» ይባላል። ጡንቻው ላይ ክር ይታሰራል ወይም መርፌ ይሰካል፣ ተማሪው ስሙንና ነርቩን ጽፎ ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው ያልፋል። መመለስ የለም።

ለአገራችን ተማሪ አንድ ጥሩ መግቢያ ቅርጫ ነው። በሬ ሲበለት ያየ ልጅ ጅማት ከጡንቻ እንዴት እንደሚለይ ያውቃል። ሥጋ ቤት ፊሌቶ የሚባለው ሥጋ በሰው ላይ ሶአስ የሚባለው ጡንቻ ነው። ከወገብ አከርካሪ ተነስቶ ጭን ላይ ያርፋል። የአከርካሪ ቲቢ የያዘው ሰው መግል በዚሁ ጡንቻ ሽፋን ውስጥ ተንሸራቶ ብሽሽት ላይ እብጠት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ብሽሽቱን ብቻ ያየ ሐኪም ወገቡን ይረሳል።

ብሔራዊ ሙዚየም መሄድም ይጠቅማል። በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል፤ ከአጽሟ 40 በመቶ ገደማ ተገኝቷል። ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር የተነገረው ከዳሌዋና ከጭን አጥንቷ ወደ ጉልበት ዘንበል ማለት ነው። ያንኑ ዘንበል ማለት ተማሪው ላቦራቶሪ ውስጥ ይለካል።

ትምህርቱ ወደ ታካሚ ሲሻገር ቋንቋው ይለወጣል። ክፍል ውስጥ ሁሉም በእንግሊዝኛና በላቲን ነው። ታካሚው ግን «ወለም አለኝ» ይላል፣ «ጅማቴ ተሳበ» ይላል። በአማርኛ ጅማት ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውም ነው፤ አንዳንዴ ነርቩም በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ ጣት ጠቁሞ «የቱ ጋ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ብዙ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው። ወጌሻ የሚታመን የሰፈር ሰው ነው፤ ውልቃት መልሶ ያዳነው ብዙ አለ። አደጋው ያለው በጣም ጠብቆ በታሰረ ቀርከሃ ላይ ነው። የተሰበረ ክንድ ያብጣል፤ የጡንቻው ሽፋን ግን አይለጠጥም። ግፊቱ ሲጨምር ደም መድረስ ያቆማል፣ ሥጋው ይሞታል፣ ክንዱም ሊቆረጥ ይችላል። ሆስፒታል የታሰረ ጄሶም ከጠበቀ ያው ነው። ተማሪው የሚማረው ምልክት ቀላል ነው። የታሰረውን ልጅ ጣቶች ቀስ አድርጎ ይዘረጋል፤ ልጁ ከስብራቱ በላይ በሆነ ሕመም ከጮኸ፣ ማሰሪያው ያኔውኑ ይፈታል።