የዴስክቶፕ አደረጃጀት በሰሜን ሸዋ

የዴስክቶፕ አደረጃጀት ኮምፒውተር ሲከፈት የሚታየውን ገጽ፣ ማለትም ባክግራውንዱን፣ አይከኖቹን፣ ታስክባሩን (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚታዩበትን መስመር)፣ ሰዓቱንና የፊደል መጻፊያውን፣ ለባለቤቱ ዐይንና ሥራ እንዲስማማ አድርጎ መለወጥ ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃንም ሆነ በመሐል ሜዳ፣ በሸዋ ሮቢትና በዓለም ከተማ፣ ይህ ሥራ ከጌጥ ይልቅ ከአማርኛ ጽሑፍ ጋር የተቆራኘ ነው፤ ፎርማት ተደርጎ (ይዘቱ ተሰርዞ) ከባለሙያ እጅ ለተመለሰ ኮምፒውተር የመጀመሪያው ጥያቄ «ግዕዝ ተጭኖበታል?» የሚል ነው።

ታስክባርና ስታርት ሜኑ እ.ኤ.አ. በ1995 ከዊንዶውስ 95 ጋር መጡ።

ሰፊው ለውጥ የዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ይህ ሥርዓት ይዞት የመጣው የአረንጓዴ ኮረብታ ምስል ቻርልስ ኦሪር በ1996 በካሊፎርኒያ ያነሳው ፎቶግራፍ ነው፤ በመስከረም የደብረ ብርሃንን መስክ ያየ ሰው ግን ምስሉን ባዕድ አይለውም። ኤክስፒ የራሱ የግዕዝ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ስላልነበረው ጸሐፊዎች እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ የአገር ውስጥ ፕሮግራሞች ይሠሩ ነበር። የቀድሞዎቹ ፎንቶች ፊደላችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በመሆኑ፣ አንኮበር የተጻፈ ደብዳቤ ያው ፎንት በሌለበት የደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ክምር ሆኖ ይታያል። የፎልደር ስምም በአማርኛ ማውጣት ስለማይመች በላቲን ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ልማዱ ዛሬም በብዙ ዴስክቶፖች ላይ አልጠፋም።

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለኪያ ውስጥ፣ የገባ ቢሆንም፣ ለተራው ተጠቃሚ ጥቅሙ የታየው ናያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በ2007 ሲመጣ ነው። በዊንዶውስ 10 ናያላ ለብቻው የሚጨመር አማራጭ ስለሆነ፣ አዲስ በተጫነ ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ በኢብሪማ ፎንት እየታየ የገጹ አሰላለፍ ሊዛነፍ ይችላል። የቆየው የፓወር ግዕዝ ቅርጽ ከእነዚህ ይበልጥ ያምራል የሚሉ አሉ፤ አከራካሪ ነው። ለዝውውርና ለፍለጋ ግን ዩኒኮድ እንደሚበልጥ አያጠራጥርም።

ሰዓቱን ወደ ሐበሻ አቆጣጠር ማምጣት ሌላው የታወቀ ማስተካከያ ነው። ሰዓቱን በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱ አሉ፤ ኢንተርኔት ሲገኝ ግን ሰዓቱ ራሱን ስለሚያስተካክል ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። የተሻለው ዘዴ ዋናውን ሰዓት በናይሮቢ የሰዓት ክልል ትቶ፣ ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሆነውን የካየንና የፎርታሌዛ ክልል በተጨማሪ ሰዓትነት መርጦ «ሐበሻ» የሚል ስም መስጠት ነው፤ ማውዙ ሰዓቱ ላይ ሲያርፍ ሁለቱም ይታያሉ። በዚህ አሠራር ኤ.ኤም ቀኑን፣ ፒ.ኤም ሌሊቱን ያመለክታል፤ ዕለቱም የሚለወጠው እንደ አገሩ ልማድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው።

የፍላሽ መዘዋወር ሾርትከት (ወደ ፋይል የሚመራ አቋራጭ ምልክት) ቫይረስን ስላስፋፋ፣ ጠንቃቃ ባለሙያ ኮምፒውተር ሲያስተካክል የተደበቁ ፋይሎችና የፋይል ዓይነት መለያዎች እንዲታዩ ያደርጋል። ቫይረሱ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ደብቆ ሾርትከት ስለሚተካ፣ ሰነዶቹ የጠፉ መስለው ፍላሹ ፎርማት እንዳይደረግ ይህ ቅንብር ያድናል። ሁሉንም ፋይል ዴስክቶፕ ላይ መከመርም የተለመደ ነው፤ ሲ ድራይቭ (ዊንዶውስ የተጫነበት የዲስክ ክፍል) ፎርማት ሲደረግ ግን አብሮ ስለሚጠፋ፣ ሰነዱን በዲ ድራይቭ አስቀምጦ ሾርትከቱን ብቻ ዴስክቶፕ ላይ መተው ይመረጣል።

ለባክግራውንድ የቅዱሳን ሥዕላት፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ እንዲሁም የዞኑ ኩራት የሆነው የመንዝ ጓሳ ከነጭላዳዎቹ ይመረጣሉ። ወደ ጎን ሰፊ ለሆነ የ1366 በ768 ፒክስል ስክሪን በስልክ ቁመቱ የተነሳ ፎቶ ሲደረግ ራስ ወይም እግር ስለሚቆረጥ፣ ወደ ጎን የተነሳ ምስል ይሻላል።

ከዊንዶውስ ሌላ የሆነው ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት በመልክ ለውጥ ረገድ ከሁሉም የላቀ ነፃነት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 በአንጻሩ ታስክባርን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን የማዛወሩን አማራጭ ይዞ አልመጣም፤ የስታርት ምልክቱን ግን ከመሐል ወደ ቀድሞ የግራ ቦታው መመለስ ይቻላል።