በዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት «አስቸኳይ ሕግ» ላይ የሚሰጥ ድምፅ

በዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት አንድ አባል በአስቸኳይ ሕግ ላይ የተቃውሞ ድምፅ ሲሰጡ፣ የሕጉን ይዘት ተቃወሙ ማለት ላይሆን ይችላል። ምክር ቤቱ በቅድሚያ ድምፅ የሚሰጠው ጉዳዩ በእርግጥ አስቸኳይ ነው ወይ በሚለው ላይ ሲሆን፣ ለዚህም ከ13ቱ አባላት የ9ኙ ድጋፍ ያስፈልጋል። ይህ ከተገኘ ረቂቁ እንደ መደበኛ ሕግ ሁለት ጊዜ ሳይነበብና፣ በአብዛኛው 30 የሥራ ቀን ለሚወስደው የኮንግረስ ግምገማ ሳይቀርብ ሊጸድቅ ይችላል፤ የሚጸናው ግን ቢበዛ ለ90 ቀን ነው። በከተማዋ ተከራይተው የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ ቤት ኪራይ የተሰጠን ድምፅ ሲመረምሩ የመጨረሻውን ቆጠራ ብቻ ማየት፣ በእኔ እምነት፣ ተመራጩን በፍትሐዊነት ለመመዘን አይበቃም። ተመራጩን መጠየቅ የሚገባው፣ «የተቃወሙት አስቸኳይነቱን ነው ወይስ ረቂቁን?» ተብሎ ነው።