ስልኩ ምን በደለ? በስልክ ትምህርት ስለመቅረጽ የሚነገሩ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ መምህር «ትምህርቴን ቀርጼ ዩቲዩብ ላይ ልጭን ነው» ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ስልኩ ነው። ስንት ሜጋፒክስል ነው? አይፎን ነው ሳምሰንግ? ስለ ክፍሉ የሚጠይቅ የለም። የቪዲዮ ትምህርት የሚበላሸው ግን በብዛት በክፍሉ ነው፦ በቬንቲሌተሩ፣ በመስኮቱ፣ በቆርቆሮ ጣሪያው፣ ደጅ በሚያልፈው ባጃጅ።

«ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ እስክገዛ አልጀምርም»

አቦ፣ አታካብዱ። ተማሪ ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገሥም። ሰሌዳው በደንብ ባይታየው ከመጽሐፉ ጋር ያመሳክራል፤ ድምፁ ከጠፋው ቪዲዮውን ዘግቶ ቲክቶክ ይከፍታል።

የስልክ ማይክ ጎልቶ የሚሰማው የቀረበውን ነው። በመምህሩና በስልኩ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር የመምህሩ ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ይወርዳል፤ የቬንቲሌተሩ ጩኸት ግን ባለበት ነው። ስለዚህ ስልኩን ክፍሉ ጥግ አቁሞ ሰሌዳው ጋ ማስተማር፣ ስልኩ የፈለገው ዓይነት ውድ ቢሆን፣ ውጤቱ ያው ነው። ቤት ውስጥ አሮጌ ስልክ ካለ ባለ ማይክ ኢርፎን ሰክቶ ማይኩን ደረት ላይ ማያያዝ፣ የድምፅ መቅጃውን መክፈት፣ ሁለቱም ስልኮች መቅዳት ከጀመሩ በኋላ አንዴ ማጨብጨብ ይበቃል። ኤዲት ሲደረግ ድምፁንና ምስሉን በጭብጨባው ላይ ማገጣጠም ነው።

ቬንቲሌተሩስ? በድሬ ሙቀት «አጥፉት» ማለት ቀልድ ይመስላል። አምስት አምስት ደቂቃ እየቀረጹ በመሃል ማብራት ግን ይቻላል። ወይም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱም ባጃጁም ሳይነሣ።

ማሚቶው ሌላ ጣጣ ነው። ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ድምፅን እየመለሰ ያደናግራል፤ የትምህርት ቤት ክፍል ለዚህ ከሁሉ የከፋ ነው። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ግን ማንም ስቱዲዮ ብሎ ያልጠራው ስቱዲዮ ሞልቷል፦ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ፍራሽና ትራስ ግድግዳውን ተደግፎ የተደረደረበት፣ መጋረጃው የወፈረ የበርጫ (የጫት መቃሚያ) ክፍል። ሐረር ጁገል ውስጥ ያሉት ነባር ቤቶችም ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ምንጣፍ ስላላቸው እንደዚያው ናቸው። በርጫው ሳይጀመር ጠዋት ክፍሉን መዋስ ነው።

«4ኬ ካልሆነ ጥራት የለውም»

4ኬ ማለት ከተለመደው የ1080 ጥራት ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ የምስል ነጥብ (ፒክስል) ማለት ነው፤ ፋይሉም አብሮ ይከብዳል። አይፎን ላይ በተለመደው የማመቂያ ስልት አንድ ደቂቃ የ1080 ቪዲዮ 60 ሜጋባይት ገደማ ሲይዝ፣ 4ኬው 170 ያህል ይይዛል። የ20 ደቂቃ ትምህርት በአንዱ 1.2 ጊጋባይት፣ በሌላው 3.4 ጊጋባይት መሆኑ ነው። ሁለተኛውን ያለ ክፍያ በምንጠቀምበት ቴሌግራም እንኳ በአንድ ፋይል መላክ አይቻልም፤ ጣሪያው 2 ጊጋባይት ነው። ዳታ ቆጥቦ በ360 የሚያይ ተማሪ ደግሞ ልዩነቱን አያውቀውም። እሱ የሚያውቀው ማርከሩ ቀጭን መሆኑንና ፊደሉ ማነሱን ነው። ወፍራም ማርከር ይዞ የሰሌዳውን ግማሽ ብቻ መጠቀም ከ4ኬ በላይ ይረዳዋል።

«ምስሉ ላይ መስመር የሚሄደው ካሜራው ስለተበላሸ ነው»

ካሜራው ደህና ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራሉ ይደበዝዛሉ፤ ዓይን አያየውም። በርካታ ስልኮች ደግሞ ሲገዙ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንዲቀርጹ ተደርገው ነው የሚመጡት፤ ያ ከ50 ኸርዝ ጋር አይገጥምም። ወደ 25 ፍሬም መቀየር መስመሩ እንዳይሄድ ይረዳል፤ በፕሮ ሞድ (ካሜራውን በእጅ በሚያስተካክሉበት ምርጫ) ሹተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ላይ ማድረግ ደግሞ ያጠፋዋል። ሁለቱም ምርጫ የሌለው ስልክ ከሆነ አምፖሉን አጥፍቶ በመስኮት ብርሃን መቅረጽ ነው። መስኮቱ ከመምህሩ ጀርባ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ይሁን፤ አለዚያ ጥላው ብቻ ነው የሚያስተምረው።

ስለ መስኮት ካነሣን፣ «የሰሜን መስኮት ሁልጊዜ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል» የሚል ምክር ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ምክሩ ለአውሮፓ ነው። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በሰሜን 10 ዲግሪ እንኳ አትሞላም፤ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ነሐሴ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በእነዚያ ወራት የሰሜኑ መስኮት ቀጥታ ፀሐይ ሊያስገባ ይችላል፤ ያኔ የደቡቡ ይሻላል፣ ወይም ነጭ ነጠላ መጋረድ።

«ቀረጻ መሃል የሚቆመው ስልኩ አሮጌ ስለሆነ ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን አዲሱም ይቆማል። አፕል አይፎንን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው አየር ውስጥ ተጠቀሙበት ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ የድሬ ክፍል ይህን በቀላሉ ያልፋል። ሽፋኑን ማውለቅ፣ ቻርጅ እያደረጉ አለመቅረጽ፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ማድረግ ይረዳል፤ በመሃል ስልክም አይደወልም። ፍሪጅ ውስጥ የሚከቱትም አሉ፤ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ሊቋጥር ስለሚችል አይሞከር።

«ኤዲት ያለ ኮምፒውተር አይሆንም»

ይሆናል። ካፕካት፣ ቪኤን፣ ኢንሾት ሁሉም ስልክ ላይ ይሠራሉ። ትምህርት የሚፈልገው ኤዲት ትንሽ ነው፦ ዝምታውን መቁረጥ፣ ድምፁን ማስተካከል፣ ቀመሩን በጽሑፍ ማውጣት። የሚሽከረከሩት ኮከቦችና የሚፈነዱት ልቦች ለሠርግ ይቆዩ።

«ዘፈኑ ከ30 ሰከንድ ካነሰ፣ ወይም የዘፋኙን ስም ከጠቀስኩ አይከለከልም»

እንዲህ ያለ ደንብ የለም። የዩቲዩብ የመብት መለያ ሥርዓት አጭርም ቢሆን ዘፈኑን ለይቶ ሊይዘው ይችላል፤ ስም መጥቀስም ፈቃድ አይሆንም። ማጀቢያ የግድ ካስፈለገ የዩቲዩብ የራሱ የድምፅ ማከማቻ ነፃ ሙዚቃ አለው። እኔ ግን ክሮሞዞም እየተብራራ ከሥር ክራር ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም።

«ላይቭ ይቀላል፣ ኤዲት የለውም»

ዩቲዩብ ከስልክ ላይቭ ለመግባት ቢያንስ 50 ሰብስክራይበር ይጠይቃል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈትም እስከ 24 ሰዓት ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ስለዚህ በዋዜማው ማዘጋጀት ነው። ኢንተርኔቱም ሲለካ ሰው የሚያየው የማውረጃውን ፍጥነት ነው፤ ላይቭ የሚያስፈልገው ግን የመጫኛው ነው። በ720 ጥራት እንኳ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ገደማ ያለመቆራረጥ ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ ስልኩ ይቆያል፣ ዋይፋዩ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ የሞባይል ዳታም ተሞልቶ ይጠብቅ። ትምህርቱን ቀርጾ መጫን፣ ላይቩን ደግሞ ማታ ላይ ለጥያቄና መልስ ማድረግ ይሻላል፤ ያኔ ቢቋረጥም ትምህርቱ ቀድሞ ተማሪው ዘንድ ደርሷል።