ጀጎል ምንድን ነው?

ሐረሮች «ጀጎል» ሲሉ ሁለት ነገር ማለታቸው ነው፤ ከተማዋን የከበበው የድንጋይ ግንብም ጀጎል ነው፣ በግንቡ ውስጥ ያለችው አሮጌ ከተማም ጀጎል ናት። «ጀጎል ነው የምኖረው» ያለ ሰው ከግንቡ ውጭ ያለውን አዲሱን ሰፈር አይቆጥርም። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውም ሐረር ጀጎል ተብላ ነው።

ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን 48 ሄክታር ያህል ይከባል። ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው። እንግዳን የሚያደናግረው የስማቸው ብዛት ነው፤ ሐረሪው አስመዲን በሪ የሚለው በአማርኛ ሸዋ በር፣ በድሮ በሪ ቡዳ በር፣ ሱቁጣጥ በሪ ሰንጋ በር፣ አርጎብ በሪ ኤረር በር፣ አሱም በሪ ደግሞ ፈላና በር ይባላል። ኦሮምኛውም የራሱ ስም አለው። በአሚሮቹ ዘመን በሮቹ ሲመሽ ተዘግተው ቁልፉ አሚሩ ዘንድ ያድር ነበር። ስድስተኛው፣ መኪና የሚያልፍበት ሐረር በር፣ በኋላ የመጣ ነው።

ከግንቡ ግርጌ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ትንንሽ ቀዳዳዎች ያገኛል። ሐረሪዎች «ዋራባ ኑዱል» ይሏቸዋል፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ሲመሽ ጅቦች በዚያ እየገቡ የየመንገዱን ጥራጊ ይለቃቅማሉ። የጎርፍ ውሃም መውጫ ያገኛል፤ ስለዚህ ቀዳዳውን በቆሻሻ መድፈን ውሃውን ግንቡ ሥር ማቆር ነው።

ዛሬ ግንቡን የሚጥለውም ውሃ ነው። ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ስለሆነ ዝናብ ከአናቱ ሰርጎ ከገባ ጭቃው ይታጠባል፣ ውስጡ ይለቃል፣ ፊቱ እንደ ሆድ ይነፋል፣ ከዚያ ይናዳል። ድንጋይ መሐል የበቀለ ቁጥቋጦም ያው ነው። ጎትቶ መንቀል ድንጋዩን ይዞ ይመጣል፤ ከሥሩ ቆርጦ እንዲደርቅ መተው ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት ስንጥቁን በሲሚንቶ መለሰን ነው። ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ከጭቃው ስለሚጠነክርም ጎኑ ያለውን አሮጌ ድንጋይ ይሰብራል። ትክክለኛው ጥገና ሌላ ነው፤ የተነፋው ክፍል እስከ ጤነኛው ድንጋይ ድረስ ይፈታል። ድንጋዮቹ በየረድፋቸው ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ በጭቃ፣ በቱንቢ እየተለኩ ይመለሳሉ። በየመሐሉ ወደ ውስጥ ጠልቀው የሚይዙ ረጃጅም ድንጋዮች ካልገቡበት ግን አዲሱ ፊት ከጥቂት ክረምት በኋላ ተላጦ ይወርዳል።