የድሮ ቤት የኤሌክትሪክ መስመር ቅየራ ምንድን ነው? ብሩስ የት ይሄዳል?

መስመር ቅየራ ማለት ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን የቤቱን ሽቦ፣ ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያና የብሬከር ሳጥን በአዲስ መተካት ነው። እስከ ቆጣሪው ያለው የመብራት ኃይል ኃላፊነት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የባለቤቱ።

የአዲስ አበባ ብዙ የድሮ ቤቶች ሽቦ የተዘረጋላቸው ለጥቂት አምፖልና ለሬዲዮ ነበር። ዛሬ እዚያው ላይ ፍሪጅ፣ ስቶቭ፣ የውሃ ማሞቂያና ምጣድ ተደርቦበታል። ምጣዱን ብቻ እንይ። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይፈልጋል። ለመብራት የተዘረጋው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይህን ያህል ለረጅም ሰዓት እንዲሸከም የታሰበ አይደለም። እንጀራ ሲጋገር ሶኬቱ የሚግልበት፣ ዙሪያው የሚጠቁርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ሲወርድባቸው በትልቅ የሚቀይሩት አሉ። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ! ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ከሽቦው አቅም በላይ ከሆነ፣ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ሲቃጠልም ላይወርድ ይችላል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሽቦ ጥቅል ስንት እንደገባ ነው። መዳብ ውድ ነው፣ እውነት ነው። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ግን ግድግዳው ነው። የድሮው ሽቦ በቱቦ ውስጥ ካለፈና ቱቦው ካልተደፈነ፣ ኤሌክትሪሺያኑ የአዲሱን ሽቦ ጫፍ ከአሮጌው ጋር አስሮ በወዲያኛው በኩል ይስበዋል። ግድግዳው አይነካም። ቱቦ ከሌለ ግን ግድግዳው ተቆፍሮ ቱቦ ይቀበርበታል፤ ከዚያ ልስን፣ ከዚያ ቀለም። ሂሳቡን የሚያሳብጡት እነዚህ ናቸው። ለጭቃ ቤት ከመቆፈር ይልቅ ሽቦውን ግድግዳው ላይ በሚለጠፍ የፕላስቲክ መሸፈኛ ማስኬድ ይሻላል። ብዙም አያምርም፣ ልስኑን ግን አያረግፍም።

ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት መብራቱ ከዋናው ይጥፋና ኤሌክትሪሺያኑ አንድ ሶኬት ፈትቶ ያሳያችሁ። ቱቦ አለ? ስንት ሽቦ ገብቷል? ሁለት ብቻ ከሆነ የመሬት መስመር (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሦስተኛ ሽቦ) የለውም ማለት ነው፤ እሱም ሂሳቡ ውስጥ ይግባ። ውሃ ማሞቂያና ምጣድ ባለበት ቤት ይህ የሚቀነስ ወጪ አይደለም። የእጅ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ሶኬትና አምፖል እንደ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ቁፋሮውና ልስኑ በዚያ ውስጥ ይካተት እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ብር ካጠረ ሁሉንም ባንዴ መቀየር ግዴታ አይደለም። ከምጣዱ ጀምሩ፦ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ የመሬት መስመር ያለው ጠንካራ ሶኬት።