«የሙከራ ትርኢት» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ሙከራ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ገና ልምምድ ላይ ያለ ሥራ ማለት አይደለም። መጨረሻው አስቀድሞ አልተጻፈም ማለት ነው።

ቲያትር ላይ ተዋናዩ ሌላ ሰው ሆኖ ይጫወታል፤ ደሙም ቀለም ነው። በሙከራ ትርኢት ግን አቅራቢው ራሱን ሆኖ ነው የሚቀርበው። ደከመው ከተባለ የእውነት ደክሞታል።

የትርኢት አርቲስቷን ማሪና አብራሞቪችን እንውሰድ። በ2010 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ፣ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ፊት ለፊቷ ሌላ ወንበር አለ። የፈለገ ይቀመጣል፣ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ቃል የለም፣ መነካካት የለም። በቃ! ከ700 ሰዓት በላይ እንዲህ ተቀምጣለች። እንባውን መቆጣጠር ያቃተው ተመልካች ብዙ ነበር። (እኔም ብሆን የምችል አይመስለኝም።)

ሌላዋ አርቲስት አና ሜንዲዬታ ደግሞ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የገላዋን ቅርጽ ጭቃና ሣር ላይ ታሳርፍ ነበር። ዛሬ የቀረን ፎቶውና ፊልሙ ነው፤ ቅርጹን መሬቱ መልሶ ወስዶታል።