ከደጅ ጥናት እስከ ፋይዳ፦ መንግሥት ለምን ያስፈልጋል?

መሃል አዲስ አበባ ላይ መንግሥት ሩቅ አይደለም። ቤተ መንግሥቱና ምክር ቤቱ አራት ኪሎ ናቸው። ወደ ፒያሳ ሲኬድ ማዘጋጃ ቤቱ ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ ቆሟል። ነዋሪው መንግሥትን አብዝቶ የሚያውቀው ግን ወረዳ ቢሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራ ሲጠብቅ ነው።

በድሮው ሥርዓት ሕዝብ ከገዢው አጥብቆ የሚፈልገው ዳኝነት ነበር። ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ቀጥ ይላል። መንገደኛ እንኳ ዳኛ ሆኖ ይሰማቸዋል። ያልረካ ይግባኝ ብሎ እስከ ንጉሡ ችሎት ይደርሳል፤ እዚያም ደጅ ይጠናል። «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚባለው በዚህ ስሜት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ዘመናዊው የመሥሪያ ቤት አሠራር መልክ መያዝ ጀመረ።

ሁሉም ነገር መንግሥት አይፈልግም። ለቀብር እድር አለ። ለገንዘብ እቁብ፣ ለጠብ ሽማግሌ አለ። ነገር ግን እቁብ በልቶ የጠፋ ሰው ሲኖር ዋሱ ተይዞ ፍርድ ቤት ይኬዳል። መተማመን ያለቀበት ቦታ ላይ የሁሉም የሆነ ዳኛ ያስፈልጋል።

መንግሥት ወደ ሰፈር የገባው በቀበሌ ነው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ቀበሌ ተደራጀ፤ አነስተኛ ኪራይ ያላቸውን ቤቶችም ማስተዳደር ጀመረ። መታወቂያ፣ መሸኛ፣ የ«ያላገባ» ማስረጃ ሁሉ ከዚያ ይወጣ ነበር። ዛሬ ሥራው የወረዳ ቢሆንም ሰው አሁንም «የቀበሌ መታወቂያ» ይላል። «ነገ ተመለስ» የሚለው መልስም አልጠፋም፤ አሁን «ሲስተም የለም» ተብሏል።

ቴክኖሎጂው ግን እውነተኛ ለውጥ አምጥቷል። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ለክፍያ ብቻ የሚሰለፈውን ሰው ቀንሷል። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር ይሰጣል። በ2017 ዓ.ም. የተከፈተው መሶብ ደግሞ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት አንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቧል። ወረቀት ከቢሮ ቢሮ የማመላለስ ሥራ ቢቀር ማንም አይቆጭም። ድሮ ራፖር ጸሐፊ ጋ ይሄድ የነበረ ባለጉዳይ ዛሬ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ የፓስፖርት ፎርም ያስሞላል።

ታዲያ መንግሥት ራሱ በመተግበሪያ ሊተካ ይችላል? በእኔ እምነት አይችልም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የትኛው ቤት የት እንዳለ ካርታና ኮምፒውተር ያሳያሉ። ለነዋሪው ስንት ቀን እንደሚሰጠው፣ ምትክ ቤቱ የት እንደሚሆን፣ ከእድሩ ጋር አብሮ ይሂድ ወይስ ይበተን የሚለውን የሚወስን ግን ሰው ነው። የወሰነ ሰው ደግሞ ተጠርቶ መልስ መስጠት አለበት። ኮምፒውተር ተከሶ ችሎት አይቆምም።

ፋይዳ ምዝገባ ላይ ይህ በቅርብ ይታያል። ዕድሜያቸውን በሥራ የጨረሱ እናት ጣታቸውን መሣሪያው ላይ ያሳርፋሉ፤ አሻራው አልነበብ ይላል። «እማማ፣ ጠረግ ያድርጉና እንደገና ይሞክሩ» ይባላሉ። አሁንም እምቢ። መዝጋቢው በዓይናቸውና በፊታቸው ሊመዘግባቸው ይችላል፤ ወይም ሊመልሳቸው ይችላል። ከመለሳቸው አቤት የሚሉበት ስምና ቢሮ ያስፈልጋቸዋል።

ቴክኖሎጂው አዲስ የመንግሥት ሥራም ፈጥሯል። የምስጢር ቁጥር ቢሰረቅ ይቀየራል፤ አሻራ አይቀየርም። ለዚህም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቶ ቁጥጥሩ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። መረጃው ያለአግባብ የተያዘበት ሰው አቤቱታውን የሚያቀርበው ለዚሁ ባለሥልጣን ነው።